ለፓምፑ ሪባን የሚቆርጥ ሞልቷል፤ ላስቲኩን የሚገዛው ማነው?

(በገጠር ውኃ ሥራ ረጅም ዓመት ያሳለፉ ባለሙያ በአንድ የውይይት ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



የተሰጠኝ ርዕስ «ለገጠር የመጠጥ ውኃና የንጽሕና ፕሮግራሞች የገንዘብ ሽርክና» የሚል ነው። ረዘመብኝ። እኔ አሳጥሬ «ገንዘቡን ማን ይያዝ?» ብዬዋለሁ። ክርክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህችው ላይ ነው የሚያርፈው።

የለጋሽ ገንዘብ በእኛ አገር በሦስት ቦይ ይፈሳል። አንዱ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ወደ ክልልና ወረዳ ይወርዳል፤ ሌላው በውኃና በጤና መሥሪያ ቤቶች በኩል ያልፋል፤ ሦስተኛውን ለጋሹ ወይም ግብረ ሰናይ ድርጅቱ በገዛ እጁ ያወጣዋል። በዚህ በሦስተኛው የሆነውን ታውቁታላችሁ። በአንድ ወረዳ አራት ድርጅት፣ አራት ዓይነት ፓምፕ፣ አራት ዓይነት ሪፖርት! የወረዳው ባለሙያ ውኃ ማውጣቱን ትቶ ፎርም ሲሞላ ይውላል። ይኼን ለማስቀረት ነበር በመስከረም 2006 ዓ.ም. ዋን ዋሽ የተባለው ብሔራዊ ፕሮግራም ይፋ የሆነው። የውኃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» አሉ። የዓለም ባንክ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ እንግሊዝና ዩኒሴፍ ገንዘባቸውን ወደ አንድ ቋት አዋጡ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ እኔም ደጋፊው ነኝ። ነገር ግን ቋቱ አዲስ አበባ፣ ጉድጓዱ ገጠር! በመካከላቸው ክልል አለ፣ ወረዳ አለ፣ ጨረታ አለ፣ ያልተወራረደ ሒሳብ አለ። ገንዘቡ ሲደርስ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ይጠብቀዋል። (የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን፣ በክረምት እምብርት፣ መጀመሩ ራሱ ጉድጓድ ቆፋሪ የታሰበለት አይመስልም።)

ከዚህ ጋር የማስተያየው አንድ ሥራ አለ። በፊንላንድ ድጋፍ በአማራ ክልል ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሞከረው ነው። መንደሩ የመረጠው የውኃ ኮሚቴ ሒሳብ ይከፍታል። ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ፣ በኩል ለራሱ ለኮሚቴው ይደርሰዋል። ሲሚንቶውን ኮሚቴው ይገዛል፤ ግንበኛውን ኮሚቴው ይቀጥራል፤ ሥራው ካላማረው ክፍያውን ይይዛል። መንደሩ በበኩሉ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጉልበቱን ያዋጣል፣ ለጥገና የሚሆን ብርም አስቀድሞ ይቆጥባል። «ገበሬ ገንዘብ ይዞ ይጠፋል» ያሉ ነበሩ። አልጠፋም። እንዲያውም አሠራሩ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በሲሚንቶው ዋጋ ራሷ የተከራከረች ሴት ፓምፑ ሲሰበር «የመንግሥት ነው» ብላ እንስራዋን አዝላ ወደ ወንዝ አትመለስም።

አሁን ወደ ላስቲኩ ልምጣ። አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ መንደር ውስጥ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነው፤ አንድ ቁልፍ የያዘ ሰው ይፈታዋል። ቶሎ የሚያልቅበት ትንንሽ ላስቲክ ነው። ታዲያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው ሲንር ቀድሞ በብር የተቆጠበው የጥገና ገንዘብ ምን ያህል ይራመዳል? ለጋሹም መንግሥትም አዲስ ጉድጓድ ይቆጥራል፤ ላስቲክ ግን ማንም አይቆጥርም። ላስቲክ ላይ ሪባን አይቆረጥማ!

የመጸዳጃው ነገር ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት ቁጥር፣ በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ከመቶ 80 የሚሆነው ሕዝባችን ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ከ20 በታች ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ልጆቻችን ድካም ነው፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ግን ደረጃውን የጠበቀ መጸዳጃ ያለው ሰው በዚያው ቁጥር ከአሥሩ አንድ አይሞላም። የቀረው የእንጨትና የጭቃ ጉድጓድ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ይደረመሳል። «ለቤተሰብ መጸዳጃ ድጎማ የለም» የሚለው መመሪያ ለጋሹን ከወጪ አዳነው፤ ድሃዋን ባልቴት ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ያስቆፍራታል።

በዚህ ላይ የለጋሹ እጅ አጥሯል። አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. ዕርዳታዋን አገደች፤ በሰኔ ዩኤስኤይድ ተዘጋ። እንግሊዝም በየካቲት 2017 ዓ.ም. ዕርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ ከመቶ 0.5 ወደ 0.3 እንደምታወርድ አስታወቀች። እንግዲህ «አጋሮቻችን» እያልን የምንቀጥለው እስከ መቼ ነው?

እኔ አዲስ ቋት አልጠይቅም። እያንዳንዱ ወረዳ ከመንግሥት ካዝና፣ በብር፣ «መለዋወጫ» የሚል አንድ መስመር በጀቱ ውስጥ ይጻፍ። ስንት እንደተመደበና ስንት እንደወጣ በቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። ለወርክሾፕ አበል የሚገኝ ገንዘብ ለላስቲክ እንዴት ይጠፋል? ከመካከላችሁ የወረዳ ፋይናንስ ኃላፊዎች አላችሁ፤ መልሱን ከእናንተ ብሰማ ደስ ይለኛል።