ደረሰኝ የሌላት መስመር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ሰዓት የምናቀርብላችሁ የገቢና የወጪ ሪፖርት ነው። ዛሬም ታድሏችኋል። እኛ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ ሴቶች ግን አንዲት መስመር ላይ ቆም ብለን ብንነጋገር እንወዳለን። «ለልጅ ስፖርት ምዝገባ፣ 8,000 ብር፣ ደረሰኝ የለም» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂንካ ቅዳሜ ገበያ ቡና አፍልታ የምትሸጥ አንዲት አባላችን ሴት ልጅ አላት። ያኔ 9ኛ ክፍል ነበረች። በትምህርት ቤቶች ውድድር 1,500 ሜትር አሸንፋ በሰፈሩ ስሟ ተነሥቶ ነበር። አንድ ቀን ለእናቷ ስልክ ተደወለ። «ልጅሽ ለትልቅ ማሰልጠኛ ተመልምላለች፤ የምዝገባው ገንዘብ እስከ ነገ ጠዋት ካልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» አለ ደዋዩ። እናት እያለቀሰች መጣች። በዚያው ምሽት ቡድኑ ተሰብስቦ ከድንገተኛ ሣጥን ብድር ፈቀደ፤ እኛም ወጪ አድርገን ላክን። በማግሥቱ ስልኩ ዝግ ነበር። እስከ ዛሬም ዝግ ነው።

ሌባው ሌባ ነው። ያለ ደረሰኝ ገንዘብ ያወጣነው ግን እኛ ነን። ለበግ መግዣ ብድር ሁለት ዋስ የምንጠይቅ ሰዎች፣ የልጅ ዕድል ሲባል አንድ ጥያቄ እንኳ አላነሣንም።

ለምን እንዲህ ሆንን? ተስፋው እውነተኛ ስለሆነ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ጥሩነሽ ዲባባ በ1995 ዓ.ም. በፓሪስ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና ታዳጊ ነበረች። ሁለቱም የአርሲ በቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። ዛሬ በአሰላ በጥሩነሽ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል አለ፤ በአዲስ አበባም የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ። የትኛዋ እናት ነች ይህን እያወቀች ስልኩን የምትዘጋው?

ስለዚህ ስልኩን እንድትዘጉ አንመክራችሁም። እንድትጠይቁ ነው የምንመክራችሁ። ከዚያ ወዲህ በቃለ ጉባኤ ያጸደቅነው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ምልመላ በስልክ ብቻ አይታመንም። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት አባላት ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱና ወደ ልጅቷ ትምህርት ቤት በእግራቸው ሄደው ይጠይቃሉ። «እስከ ነገ ካልከፈላችሁ» የሚል ሰው የሚፈራው ይህችን አንዲት ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ መጋበዝ መመረጥ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች በክረምት የስፖርት ካምፕ ያዘጋጃሉ፤ ወላጅ ይከፍላል፣ ልጁ ይሮጣል፣ አሰልጣኞች ያያሉ፤ አብዛኛው ልጅ ግን ሳይመረጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛም ለልጆቻችን ይህን ከመንገዱ በፊት እንንገራቸው።

ሦስተኛ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን አትላክም። ከጂንካ አዲስ አበባ በኮንሶና በአርባ ምንጭ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የት እንደምታድር፣ ከማን ጋር እንደምታድር፣ የማደሪያው ኃላፊ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይታወቅ። አብራት የምትሄድ ሴት ወጪም በብድሩ ውስጥ ይካተታል።

አራተኛ፣ የከፍታው ነገር አይረሳ። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆጂ ግን 2,800 ገደማ። እዚህ ያሸነፈች ልጅ እዚያ ትንፋሽ ቢያጥራት ስንፍና አይደለም፤ ሰውነቷ ስሱን አየር ስላልለመደው ነው። ፈተናው ደጋ ላይ ከሆነ ቀደም ብላ እንድትደርስ የቀናት አበል እንያዝ።

አምስተኛ፣ ዕድሜ አይነካ። ይህን ስንናገር እኛም ንጹሕ አይደለንም። ልጅቷ በኋላ እውነተኛ መመልመያ ውድድር ስትደርሳት፣ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ሁለት ዓመት ቀንሱላት» ብሎ መከረን። እናቷ አንድ ቀን አመነታች። እኛም አመነታን። ከዚያ የትምህርት ማስረጃዋን አወጣንና ከልደት ካርዷ ጋር አስተያየነው። የተቀነሰው ቁጥር ከየትኛውም ወረቀቷ ጋር አይገጥምም። ከ20 ዓመት በታች በሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር የሚታየው በዚያ ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን ያላት ዕድሜ ነው፤ ዛሬ የምንዋሸው ነገ እሷን ከሜዳ ያስወጣታል። የዘመን አቆጣጠሩም ይጠንቀቅ። በጥር 2002 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ የ2010 ልጅ ናት። 2002 ተብሎ እንዳለ ከተገለበጠ ስምንት ዓመት ይጨመርባታል።

ልጅቷ ዕድሜዋን ሳትቀንስ ሮጠች። አራተኛ ወጣች፤ አልተመረጠችም። እናቷ አብራት ከሄደችው አባላችን ጋር ሆና አጽናንታ አመጣቻት። አሁን 10ኛ ክፍል ናት፤ ጠዋት ጠዋት ትሮጣለች፣ ትምህርቷም አልተቋረጠም። እኛ ይህን ኪሳራ ብለን አልመዘገብነውም።

የጠፋውን 8,000 ብርስ? ቡድኑ መክሮ ግማሹን እናቷ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ እንድትመልስ፣ ግማሹን የፈቀድነው ሁላችን እንድንሸከም ወሰነ። እስከ ዛሬ አንድም ሳምንት አላጓደለችም።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ይህችን መስመር ከሪፖርቱ ልናወጣት እንችል ነበር። ያስቀመጥናት ገንዘባችሁ የት እንደደረሰ ማወቅ መብታችሁ ስለሆነ ነው። በሚመጣው ዓመት በጀት «የልጆች የምልመላ ጉዞ» የሚል አዲስ መደብ ከፍተናል፤ ትንሽ ነው፣ ያለ ደረሰኝ ግን አንድ ብር አይወጣበትም።

እናቶች፣ ልጆቻችሁ ይሩጡ። እኛ ደብተሩን ይዘን ከኋላ እንከተላለን።