የግልባጭ ነገር
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችሁ ጸሓፊ በዚህ ጉባኤ እንድናገር ሲጋብዙኝ «ስለ ሙያህ የዕለት ኑሮ ንገረን» አሉኝ እንጂ ስለ ኮምፒዩተር ጥቅም እንዳስተምር አላዘዙኝም። በዚህም ደስ ብሎኛል። ስለ ኮምፒዩተር ጥቅም የሚናገር ሰው በዛሬው ዘመን አልታጣም፤ በየማለዳው አቧራውን ጠርጎ የሚያስነሣው ሰው ግን ሲናገር እምብዛም አይሰማም። እኔ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ከሥራ ዘመኔ የሚበልጠውን ያሳለፍሁት በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ስለ ሆነ የምናገረውም ከዚያው ነው። ሱዳኖች ዘመናቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር ይቆጥራሉና እኔም ዓመታቱን እንደነሱ እጠራለሁ።

ካርቱም ነጭ ዓባይ ከእኛው ዓባይ ጋር የሚገናኝበት ከተማ ነው። ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማንና ባሕሪ ስላሉ ሦስቱ እንደ አንድ ከተማ ይቆጠራሉ። ዴም በሚባለው ሰፈርና በጅሬፍ የአገራችን ሰው በብዛት ይኖር ስለ ነበር እንጀራም ቡናም አይታጣም ነበር። አየሩ ግን ለሰውም ለመኪናም የሚመች አይደለም። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ይነሣል፤ ቡናማ ግንብ መስሎ ከአድማስ ይመጣና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀኑን ያጨልመዋል። አቧራው እጅግ የደቀቀ በመሆኑ በተዘጋ መስኮት ሾልኮ ይገባል፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለችው ማራገቢያ ላይ ይጋገራል፤ ማራገቢያዋ ስትቆም መኪናው በራሱ ሙቀት ይበላሻል። ስለዚህ በካርቱም የኮምፒዩተር ባለሙያ የመጀመሪያ መሣሪያው ብሩሽ ነው። ይህን ስናገር ከኮሌጅ አዲስ የወጡ ወጣቶች የምቀልድ ይመስላቸው ነበር፤ የመጀመሪያው ሐቡብ ካለፈ በኋላ ግን ብሩሹን ራሳቸው ይፈልጉታል።

ሥራ ማልዶ ይጀመራል፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ግን ቁርስ የሚበላ የለም። በአራት ሰዓት አለቃውም ዘበኛውም በአንድ ትልቅ ሳሕን ፉል ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ፈጡር የሚሉት ይህ ማዕድ ለእኔ ከማንኛውም ስብሰባ የበለጠ ጠቅሞኛል። ብልሽት የሚገለጽበት ቅጽ ነበረን፤ ይሁን እንጂ ቅጹን የሚሞላው ሰው ጥቂት ነው። በፈጡር ላይ ግን ሒሳብ ሹሙ መኪናው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደ ዘገየበት፥ ዘበኛውም ከማቀዝቀዣው የሚንጠባጠብ ውሃ በሽቦው ላይ እንደሚወርድ፥ እንጀራውን በፉሉ እየነከሩ እንደ ዋዛ ይነግሩኝ ነበር። (እንጀራ ማለቴ የእነሱን ዳቦ ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።) ከዚያም ከዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣል፤ ሻዩን የምትቀዳው ብዙ ጊዜ የአገራችን ልጅ ናት።

መብራት በሙቀቱ ወራት ይጠፋል። ሱዳን በ2009 የሜሮዌን ግድብ አስመርቃ 1,250 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አግኝታለች፤ ከአገራችንም በመተማ በኩል እስከ ገዳሪፍ የኤሌክትሪክ መስመር ተዘርግቷል። ሆኖም ከተማው ሁሉ ማቀዝቀዣውን ባንድ ጊዜ ሲከፍት ኃይሉ አይበቃም። መብራቱ ሲሄድ ባትሪው ጥቂት ደቂቃ ይሰጠናል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ መኪናዎቹ በተራ መዘጋት አለባቸው፤ በመጀመሪያ ሰው የሚሠራባቸው፥ በመጨረሻ መዝገቡን የያዘው። ተራው ከተዛባ መዝገቡ ገና እየተጻፈ ሳለ ይቋረጥና እኩሌታው የተጻፈ ገጽ ሆኖ ይቀራል። እኩሌታው የተጻፈ ገጽ ደግሞ ጨርሶ ካልተጻፈው የባሰ ነው፤ የተሟላ መስሎ ያታልላልና።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ላንሣ። ሱዳን በ2000 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት አድርጋ ከእኛ ጋር ተካክላ ነበር። በ2017 ኖቬምበር 1 ቀን ወደ ቀድሞው ተመለሰች። ለሰው ይህ የእጅ ሰዓት ማዞር ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ግን የአገሮችን ሰዓት በሠንጠረዥ ይዞ የሚኖር ስለ ሆነ ሠንጠረዡ ያልታደሰለት ሁሉ ከጎረቤቱ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ የገቢ ደረሰኙም ከተከፈለበት ሰዓት በፊት የተጻፈ ሆኖ ይታያል። የሒሳብ መርማሪ በአንዲት ሰዓት ምክንያት ሰው ሊጠረጥር ይችላል።

ከሙቀቱና ከአቧራው የከበደው ግን ማዕቀቡ ነበር። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 ኦክቶበር ድረስ በሱዳን ላይ ሰፊ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር። ለእኛ ለባለሙያዎቹ የማዕቀቡ ፍሬ ይህ ነበር፤ ከካርቱም ሆነን የአንድ ፕሮግራም ማደሻ ለማውረድ ስንሞክር አገራችሁ አልተፈቀደላትም የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ በባንክ ካርድ መክፈል አይቻልም። ስለዚህ ፕሮግራሙ በመንገደኛ ቦርሳ ከዱባይ ወይም ከካይሮ ይመጣል። በ2014 ጃንዋሪ ኮርሴራ የተባለው የትምህርት ድርጅት በዚሁ ሕግ ምክንያት ለሱዳን ተማሪዎች ትምህርቱን ለመዝጋት ተገደደ። መምህራን ሆይ፥ በሩ በትምህርት መካከል የተዘጋበትን ተማሪ አስቡት። እኔ በማዕቀቡ ፖለቲካ አልገባም፤ ነገር ግን የካርቱም ቴክኒሻን የተሰበረውን ከፍቶ መጠገን፥ የሌለውን ካለው አዛምዶ መሥራት የተማረው ከዚህ ችግር እንደ ሆነ እመሰክራለሁ።

ቀጥሎ የመጣው የኢንተርኔት መዘጋት ነው። በ2019 ጁን 3 ቀን በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የነበረው ሕዝብ በኃይል ሲበተን ኢንተርኔቱ ተዘጋ፤ እስከ ጁላይ 9 ቀን ድረስም ሳይከፈት ቆየ። በዚያ መካከል አንድ የካርቱም ጠበቃ ደንበኛ የሆነበትን የቴሌፎን ኩባንያ ከሰሰና ረታ። ክሱን ያቀረበው በራሱ ስም ብቻ ስለ ነበር ኢንተርኔቱም የተከፈተው ለእሱ ብቻ ሆነ። እኛ ሙያተኞች ይህን ሰምተን ስቀናል፤ ነገር ግን ነገሩ ቁም ነገር አለው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙ ሰው ኢንተርኔትን እንደ አየር ያለ፥ ባለቤት የሌለው ነገር አድርጎ ያስበው ነበር። ለአንድ ሰው ከፍቶ ለሚሊዮኖች መዝጋት እንደሚቻል ሲያይ ግን የትም ተበትኖ የሚኖር ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥ፥ በአንድ ቁልፍ ሥር ያለ መኪና መሆኑን ተረዳ።

ወደ ዋናው ነገሬ የምደርሰውም በዚሁ ነው። ለሙያዬ ከቀን ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ግልባጭ ማስቀመጥ ነው። በመሥሪያ ቤት ግልባጭ ማለት ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ዋናው ለሚመለከተው ይሄዳል፥ ግልባጩ በመዝገብ ቤት ይቀራል። በእኛም ሥራ እንደዚሁ ነው። የባለሙያው ሕግ ሦስት ግልባጭ ይኑር፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፥ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን ይላል። በካርቱም ብዙው መሥሪያ ቤት ሕጉን ጠብቄያለሁ ብሎ ያምን ነበር፤ «ከቤት ውጭ» የተባለውን ግን ከሦስት መንገድ ወዲያ ባለ ሌላ ሕንፃ አድርጎ ተረጐመው። ለእሳት ይህ ይበቃል። በ2023 ኤፕሪል 15 ቀን ጦርነቱ ሲጀመር ግን የተቃጠለው አንድ ቤት ሳይሆን ከተማው ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሙሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ከነመጻሕፍቱ ተቃጠለ። በ2024 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዋና መኪናዎቻቸው በካርቱም የነበሩት ታላላቅ የቴሌፎን መረቦች በጥቂት ቀን ውስጥ ተከታትለው ጸጥ አሉ። በፖርት ሱዳንና በምሥራቁ በኩል ቶሎ ሲመለሱ በካርቱምና በምዕራብ ብዙ ቆዩ። ሕዝቡ ገንዘብ የሚላላከው ባንካክ በሚሉት የቴሌፎን ባንክ ስለ ነበር ከዘመድ በሚላክ ገንዘብ ለረኃብተኛው የሚያበስሉት የሰፈር ማዕድ ቤቶች አንዳንዶቹ እሳታቸውን አጠፉ። የሳተላይት መቀበያ ያለው ሰው ኢንተርኔቱን በሰዓት ይሸጥ ጀመር።

ለትምህርት ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነበር። የ2023 የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ሳይሰጥ ቀርቶ እስከ 2024 ዲሴምበር 28 ቀን ቆየ። ያጠናቀቁትም ቢሆኑ ወደ ግብፅና ወደ ሌላም አገር ሲሰደዱ ማስረጃ ማግኘት አቃታቸው። ተማሪው ተምሯል፥ መምህሩም ያስታውሰዋል፤ ማኅተም የሚያሳርፈው ቢሮ ግን የለም፥ መዝገቡም አይገኝም።

በካርቱም ሳለሁ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮችን እጠግን ነበር። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ነበሩ፤ ቀድሞ መምህር ስለ ነበሩ ሁሉም ኡስታዛ ይሏቸዋል። በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ሮስተሩን በፍላሽ ገልብጠው በዋድ መዳኒ ለምትኖር እኅታቸው ይልኩ ነበር። ያንኑ ሮስተር ገጽ በገጽ በቴሌፎናቸው ፎቶ አንሥተው በካይሮ ላለ ወንድማቸው ይሰዱለታል። ኡስታዛ ስለ ባለሙያው ሕግ ከእኔ አልሰሙም፤ አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለ ነበሩ የጭነት ደረሰኝ በሦስት ቅጂ ሲጻፍ እያዩ እንዳደጉ ነግረውኛል። ጦርነቱ ሲጀመር ትምህርት ቤቱ ተዘረፈ፥ ኮምፒዩተሮቹም ሄዱ። በ2023 ዲሴምበር ዋድ መዳኒ በተራዋ ተያዘች፤ እኅትየዋ ፍላሹን ሳይዙ ሸሹ።

የካይሮው ግን ቀረ። ኡስታዛ እዚያው ደርሰው በወንድማቸው ቤት ሆነው ከፎቶዎቹ ላይ እየገለበጡ ለተማሪዎቻቸው ውጤት መጻፍ ጀመሩ፤ የማይነበብ ነገር ሲያጋጥማቸው ወደ እኔ ይልኩልኝና ምስሉን አጥርቼ እመልስላቸው ነበር። በአንደኛው ገጽ ላይ ሁለት መስመር በጣት ጥላ ተሸፍኖ ከቶ ሊጠራ አልቻለም። የሁለቱን ልጆች ነጥብ በመጨረሻ ያገኙት ከሒሳብ መምህሩ ዘንድ ነው፤ እሳቸውም በገዳሪፍ በስደት ሳሉ የማርክ ደብተራቸውን ከልብሳቸው መካከል ጠቅልለው ይዘው ነበር።