ትንሹ ውሻ ትልቁን ለምን ይፈራል?

ከሐይቅ ዳርቻ እስከ ውጫሌና እስከ አምባሰል ተራሮች የምትገኙ ተማሪዎችና አስተማሪዎች፣ ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አዘጋጁ።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ውሻ ነው። ውሻ ጅብና ቀበሮ ከበረት እንዳይደርስ የሚጠብቅ ዘበኛችን ነው። ነገር ግን ትንሹ ውሻ ትልቁን ሲያይ ጅራቱን በጭኑ መሀል ሸጉጦ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ሲንቀጠቀጥ አይታችኋል። ለምን ይመስላችኋል?

አንደኛው ምክንያት በሒሳብ ይገለጣል። 5 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 20 ኪሎ ከሚመዝን ውሻ ፊት ሲቆም፣ ባላጋራው አራት እጥፍ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 240 ኪሎ ከሚመዝን በሬ ጋር እንደ መጋፈጥ ማለት ነው። ትልቁ ለጨዋታ ብሎ ቢይዘው እንኳ ትንሹን ሊሰብረው ይችላል።

ሁለተኛው አስተዳደጉ ነው። ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ዓለሙን የሚለምድበት ነው። በዚያን ጊዜ ከጓሮ ሳይወጣ ታስሮ ያደገ ቡችላ፣ ኋላ የሚያየው ውሻ ሁሉ ጠላት ይመስለዋል።

ሦስተኛው የደረሰበት ጉዳት ነው። በገበያ ቀን ሥጋ ቤት አጠገብ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተነከሰ ውሻ ያን በቀላሉ አይረሳም።

እንግዲህ ፈሪ ነው ብላችሁ አትናቁት። የፈሪ ዱላው ሰባት ነው ይባል የለ? መሸሻ ያጣ ትንሽ ውሻ ይጮሃል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ በመጨረሻም ይናከሳል። ስለዚህ ልጆች ውሻን ከውሻ አያዋጉ፤ የተናከሱትንም በእጃቸው ሊገላግሉ አይግቡ። ፈሪውን መደብደብም ፍርሃቱን ያብሰዋል እንጂ አያድነውም። ማምለጫ ተዉለት፤ ምግቡንም ለብቻው ስጡት።

አሁን ዋናውን ነገር አዳምጡ። ፍርሃት ለትንሹ ውሻ ጋሻው ነው። ትናንት ትልቁን ሲያይ ይሸሽ የነበረ ውሻ፣ ዛሬ ሳይነኩት ሰውንም ከብቱንም ትልቁንም ውሻ የሚናከስ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የተለወጠ ከሆነ «ጎበዘ» አትበሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ይሆናልና ራቁት፤ ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ።

ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። አስቀድሞ ግን መከላከል ይቻላል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ውሻ ለነከሰው ልጅ ክትባቱን ሰጥቶ ልጁ ድኗል።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያም ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ውሻው የቤታችን ነው ብሎ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል፤ በሽታው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ብቅ ሊል ይችላልና። ጠበል የሚጠመቅም ዱዓ የሚያስደርግም ክትባቱን አይተው።

ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም። በየቀጠሮው ይሰጣል፤ ቀኑም በካርድ ላይ ይጻፋል። ካርዱን ማንበብ የማይችል ቤተሰብ ቀጠሮው ሊያመልጠው ይችላል። ፊደል ሕይወት ያድናል የምንለው ለዚህ ነው። የቤታችሁን ውሻም አስከትቡ፤ የተከተበበትን ቀን በደብተራችሁ መዝግቡ።

የዛሬው የቤት ሥራ፦ «ፈሪ»፣ «ጋሻ»፣ «ክትባት» የሚሉትን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ ላልሰማ ጎረቤትም ንገሩ። ደህና እደሩ።