የኤፍሬም እጆች፦ ናፍቆትና የግል ሕልም በ«ላምብ» ፊልም



ስለ ማንነት ስንወያይ ቀድመን የምንጠይቀው የትውልድን ሐረግ ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ጥያቄውን ማጀት አግብቶታል። ከፈረንሳይ፣ ከጀርመንና ከኖርዌይ ጋር በጥምረት የተሠራው ይህ ፊልም በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ራሱ በልጅነቱ ከአገሩ ወጥቶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው።

የኤፍሬም እናት ቤተ እስራኤላዊት ነበረች፤ ሞታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ከሚወደው በጉ ጋር ዘመዶች ዘንድ ይተወዋል። አጎቱ በጉ ለመስቀል እንዲታረድ ይወስናል። ልጁም ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ ይሸጣል፤ በጉን አድኖ ወደ መንደሩ የሚመለስበትን ገንዘብ ለማጠራቀም።

አጎቱን የሚያስቆጣው የወንድ ልጅ ማጀት መግባት ነው። እኔ ግን በዚያ ሙያ ውስጥ እናቱን አያለሁ። ስሟ ከሚጠራበት ይልቅ ዱቄቱ በሚቦካበት ጊዜ ትቀርባለች።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ከጀርመን የተመለሰውን ምሁር አንበርብርን ያሳየናል። የእርሱ ሕልም አገር የሚያክል ስለሆነ ሳናቅማማ ሕልም እንለዋለን፤ የኤፍሬምን ድስት ግን የልጅ ነገር ብለን እናልፋለን። ይህ ሚዛን ያሳስበኛል። ከሩቅ ወደ ሐዋሳ መጥታችሁ ከቤት የተላከ በሶ ዶርም ውስጥ የበጠበጣችሁ የማነሣውን ነገር ታውቁታላችሁ።

አሁን የገበያውን ትዕይንት እንይ፤ እባካችሁ እጆቹን ተመልከቱ።