ፋይል አድራሹ ፕሮግራምና የምስክርነት ኀላፊነቱ



አንድን ፋይል ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ማድረስ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው፣ ዕቃ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ከማመላለስ የተለየ ሥራ አይመስልም። ፋይሉ ይከፈታል፤ ባይቶቹ በመስመሩ ይላካሉ፤ በወዲያኛው በኩል ይጻፋሉ፤ ሥራውም አለቀ ይባላል። ዳሩ ግን የመጋዘንን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ከመጫኑና ከማራገፉ ይልቅ የሚከብደው የገባውን ቆጥሮ በሞዴል 19 ላይ መፈረሙ ነው። ሳይቆጥር የፈረመ የንብረት ክፍል ጉድለቱን የሚያውቀው ዕቃው በተፈለገ ቀን ነው። ፋይል አድራሽ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ግማሹ ብቻ የደረሰ የስሌት ሠንጠረዥ ጉድለቱን በግንባሩ ላይ ጽፎ አይመጣም። እንግዲህ በዚህ ንግግር የሚመረመረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፣ በኦብጀክት ተኮር ቋንቋ መጠነኛ የኤፍ.ቲ.ፒ. ክላየንት ሲሠራ፣ «ፋይሉ በሙሉ ደርሷል» ብሎ የመመስከሩ ኀላፊነት በየትኛው የፕሮግራሙ ክፍል ላይ ሊወድቅ ይገባዋል? የሚለው ነው።

ኤፍ.ቲ.ፒ. በመባል የሚታወቀውን የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል የመጀመሪያ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው አብሀይ ቡሻን ነው። ዛሬም መሠረት ሆኖ የሚጠቀሰው፣ ቁጥሩ 959 የሆነው ሰነድ በጆን ፖስቴልና በጆይስ ሬይኖልድስ ተዘጋጅቶ በ1985 ወጥቷል። ፕሮቶኮሉ ዕድሜው የገፋ መሆኑ አይካድም። የዴቢያን ድርጅት ለሕዝብ ክፍት የነበረውን የኤፍ.ቲ.ፒ. አገልግሎት በ2017 ዘግቷል፤ ክሮምና ፋየርፎክስም በ2021 ይህን ፕሮቶኮል ከማሰሻዎቻቸው አውጥተዋል። ይሁን እንጂ ለፕሮግራም ተማሪ የሚሰጠው ጥቅም አልቀነሰም። በክላየንቱና በሰርቨሩ መካከል የሚደረገው ምልልስ ሰው ሊያነበው በሚችል አጭር ጽሑፍ የሚካሄድ በመሆኑ፣ የአንዲት ቃል ስሕተት ምን እንደምታስከትል በዐይን ይታያል።

የፕሮቶኮሉ ዋና ጠባይ ሁለት መስመሮችን መጠቀሙ ነው። አንደኛው የትእዛዝ መስመር ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር ሰርቨሩ በፖርት 21 ላይ ይቀበለዋል፤ ከመግቢያ እስከ መሰነባበቻም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው የመረጃ መስመር ነው፤ ፋይል ወይም የፋይሎች ዝርዝር በተላለፈ ቁጥር አዲስ ይከፈታል፤ ሲያበቃም ይዘጋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በተለመደው የማስተላለፊያ ስልት የፋይሉ ማብቂያ የሚታወቀው በመስመሩ መዘጋት ነው። ስለዚህ ፋይሉ አልቆ የተዘጋ መስመርና ሰርቨሩ በመካከል ሥራውን አቋርጦ የዘጋው መስመር፣ መረጃውን ለሚቀበለው ክፍል አንድ ዐይነት መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚናገረው በትእዛዙ መስመር የሚመጣው መልስ ብቻ ነው።

በዚህ ሥፍራ የኦብጀክት ተኮር ቋንቋ ጥቅም ይመጣል። የዚህ አስተሳሰብ ምንጭ ኖርዌያውያኑ ኡለ-ዮሃን ዳልና ክርስተን ኒጎርድ በ1960ዎቹ ዓመታት በኦስሎ የሠሩት ሲሙላ የተባለው ቋንቋ ነው። ኦብጀክት ማለት መረጃውንና በዚያ መረጃ ላይ የሚሠራውን ሥራ አንድ ላይ ይዞ፣ ለሌላው የፕሮግራም ክፍል በሩን በልክ የሚከፍት አካል ነው። በ1995 ለሕዝብ በቀረበው በጃቫ ቋንቋ የሚሠራ ጀማሪ፣ ብዙውን ጊዜ ክላየንቱን በአንድ ክላስ ውስጥ ጠቅልሎ ይጽፈዋል። ሶኬቱ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ፋይሉና የስክሪኑ መልእክት በአንድ ቤት ያድራሉ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ሁሉም ነገር በደኅና ሲሄድ ይሠራል፤ ችግር ሲመጣ ግን ተጠያቂው የትኛው እንደሆነ አይለይም። የሥራው ድርሻ ሲከፋፈል አራት ኦብጀክቶች ይበቃሉ፤ እነርሱም መልስ፣ የትእዛዝ መስመር፣ የመረጃ መስመርና ዝውውር ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ ነው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ባለ ሦስት አኀዝ ቁጥር ይመልሳል። የፊተኛው አኀዝ 1 ከሆነ ሥራው ተጀምሯል፣ ሌላ መልስ ይጠበቅ ማለት ነው፤ 2 ከሆነ ተፈጽሟል፤ 3 ከሆነ ተጨማሪ ነገር ይፈለጋል፤ 4 ለጊዜው አልተቻለም፤ 5 ደግሞ ጨርሶ አይሆንም ማለት ነው። የተጠቃሚ ስም ሲላክ 331 የሚመጣው የይለፍ ቃል ስለሚፈለግ ነው። አንዳንዱ መልስ ከአንድ መስመር በላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሰረዝ ይደረጋል፤ መልሱ የሚያበቃውም ያው ቁጥር ከባዶ ቦታ ጋር በመስመር መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ነው። ይህን ያላወቀ ፕሮግራም የሰላምታውን የመጀመሪያ መስመር አንብቦ ያልፋል፤ ሁለተኛውን መስመር ለቀጣዩ ትእዛዝ የተሰጠ መልስ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ምልልሱ በሙሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቀረ ይሆናል፤ ለአንዱ ጥያቄ የሌላውን መልስ ሲሰማ ይኖራል።

የትእዛዝ መስመሩ ኦብጀክት ተግባር ትእዛዝ መላክና አንድ ሙሉ መልስ ማንበብ ነው። ቲ.ሲ.ፒ. ባይቶችን በቅደም ተከተል ያደርሳል እንጂ የመልእክትን ድንበር አይጠብቅም፤ አንድ መልስ ተከፍሎ፣ ሁለት መልሶችም ተያይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ንባቡ የሚመራው በመስመር ማብቂያዎቹ፣ ማለትም ቁጥራቸው 13 እና 10 በሆኑት ባይቶች ነው። ይኸው ኦብጀክት በፋይል ስም ውስጥ እነዚህን ባይቶች ካገኘ ትእዛዙን አልልክም ማለት አለበት። ያለዚያ በፋይል ስም ተሸሽጎ የገባ ሌላ ትእዛዝ በባለቤቱ ስም ይፈጸማል።

የመረጃ መስመሩን ለመክፈት ክላየንቱ «ፓስቭ» የሚለውን ትእዛዝ ይልካል። ሰርቨሩ በ227 መልስ ውስጥ ስድስት ቁጥሮችን ይሰጣል፤ አራቱ አድራሻውን፣ ሁለቱ ፖርቱን ያመለክታሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች 19 እና 137 ቢሆኑ፣ 19 በ256 ተባዝቶ 137 ሲጨመርበት ፖርቱ 5001 ይሆናል። አድራሻውን ግን እንደተሰጠ ማመን አይገባም። ተንኰለኛ ሰርቨር የሌላ ኮምፒዩተር አድራሻ ሰጥቶ ክላየንቱን ወዳልተፈቀደለት በር ሊልከው ይችላል። ጠንቃቃ ክላየንት ፖርቱን ብቻ ተቀብሎ፣ የትእዛዙ መስመር ወደ ተገናኘበት አድራሻ ይሄዳል።

ፋይሉ ሳይለወጥ እንዲደርስ ደግሞ የማስተላለፊያው ዐይነት መወሰን አለበት። ፕሮቶኮሉ ካልተነገረው በቀር ፋይሉን የአስኪ ጽሑፍ ነው ብሎ ይገምታል፤ በዚህም ስልት የመስመር ማብቂያ ባይቶች እንደየኮምፒዩተሩ ልማድ ይለወጣሉ። ለጽሑፍ የሚበጀው ይህ ልማድ ሥዕልን ያበላሻል። የፒ.ኤን.ጂ. ሥዕል ቅርጽ ያወጡት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ የፋይሉን የመጀመሪያ ስምንት ባይቶች 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10 አድርገው መረጧቸው። 13 እና 10 ሆን ተብለው የገቡት፣ በማስተላለፍ ጊዜ ለውጥ ከተደረገ በመግቢያው ላይ ወዲያው እንዲታወቅ ነው። ብዙ የፋይል ዐይነቶች ግን እንዲህ ያለ ዘበኛ የላቸውም። ስለሆነም ፋይሉን እንዳለ የማስተላለፉ ትእዛዝ በተጠቃሚው ትዝታ ላይ ሳይተው በዝውውር ኦብጀክት ውስጥ መጻፍ ይኖርበታል።

የፊርማው ሥልጣን ያለው በዚህ ዝውውር በተባለው ኦብጀክት እጅ ነው። ፋይል ሲቀበል ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ በ1 የሚጀምረውን መልስ ይሰማል፣ መረጃውን እስከ መስመሩ መዘጋት ያነባል፣ የጻፈው ወደ ዲስክ መግባቱን ያረጋግጣል፣ በመጨረሻም እንደ 226 ያለውን በ2 የሚጀምር መልስ ይጠብቃል። በምትኩ 426 ቢመጣ ዝውውሩ ተቋርጧል። እስከዚያ ድረስ ፋይሉ በጊዜያዊ ስም ይቀመጣል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያገኘው ሁሉም ሲሟላ ነው።

ፋይል ሲላክ የሚያጋጥመው አደጋ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። በ2011 ከወጣው ከጃቫ 7 ጀምሮ ቋንቋው አንድ ሥራ በስሕተት ቢቋረጥ እንኳ የተከፈተውን መስመር በራሱ እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። ይህ ለፕሮግራመሩ ትልቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ክላየንቱ ፋይሉን ከዲስክ እያነበበ ሳለ በመካከሉ ቢሰናከልና መስመሩ በሥርዐት ቢዘጋ፣ ሰርቨሩ መዘጋቱን የፋይሉ ማብቂያ አድርጎ ይቀበለዋል፤ በቅንነትም 226 ብሎ ይመልሳል። ጎዶሎው ፋይል በሰርቨሩ ላይ የሙሉ ፋይል ስም ይዞ ይቀመጣል። መስመርን መዝጋት ንጽሕና ብቻ መስሎ ቢታይም፣ በዚህ ፕሮቶኮል ውስጥ ቃል ነው፤ «ጨርሻለሁ» የሚል ትርጉም አለው። ስለዚህ የመረጃ መስመሩ ኦብጀክት ሁለት የተለያዩ መዝጊያዎች ሊኖሩት ይገባል፤ አንዱ ለፍጻሜ፣ ሌላው ለመቋረጥ። ዝውውሩም ፋይሉን በጊዜያዊ ስም ልኮ፣ የላካቸውን ባይቶች ከምንጩ መጠን ጋር አመዛዝኖ፣ ከዚያ በኋላ በስም መለወጫው ትእዛዝ ትክክለኛውን ስም ቢሰጠው፣ ጎዶሎ ፋይል ሙሉ መስሎ የሚታይበት መንገድ ይጠባል።

የአማርኛ የፋይል ስም ለሚጠቀም አገር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1999 የወጣው ቁጥሩ 2640 የሆነው ሰነድ ስሞች በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 እንዲጻፉ ይደነግጋል፤ በዚህም አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ጃቫ ይህን አጻጻፍ በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ መደበኛው ያደረገው በ2022 በወጣው ጃቫ 18 ስለሆነ፣ የአጻጻፉ ዐይነት በትእዛዝ መስመሩ ኦብጀክት ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት። አለበለዚያ «ሪፖርት» ተብሎ የተላከው ፋይል በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይደርሳል።

በመጨረሻም፣ መሠረታዊው ኤፍ.ቲ.ፒ. የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍን የሚልክ በመሆኑ፣ ለእውነተኛ ሥራ ብቻውን አይበቃም። በ2005 የወጣው ቁጥሩ 4217 የሆነው ሰነድ ምልልሱንም መረጃውንም በምስጢር ጽሑፍ የሚሸፍንበትን መንገድ ይሰጣል። ድርሻው በአግባቡ የተከፋፈለ ክላየንት ይህን ሲጨምር በአብዛኛው የሚነካው ሁለቱን የመስመር ኦብጀክቶች ነው፤ የመልሱ አነባበብና የዝውውሩ ምስክርነት እንደነበሩ ይቀጥላሉ።

ክቡራን አባላት፤ ፋይል የሚልክ ሰው አደራ ሰጪ ነው፤ ፕሮግራሙም አደራ ተቀባይ። ኦብጀክቶች የተከፋፈሉበት ምክንያት የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለማሳመር ብቻ ቢሆን ኖሮ ድካሙ ባላስፈለገ ነበር። የተከፋፈሉት፣ «ደርሷል» የምትለው ቃል በስክሪኑ ላይ ስትታይ፣ ቆጥሮ የፈረመ አንድ የታወቀ ተጠያቂ ከኋላዋ እንዲኖር ነው። ያ ተጠያቂ በሌለበት ክላየንት ውስጥ፣ ጉድለቱን የሚያገኘው ፋይሉን ከወራት በኋላ የሚከፍተው ባለሙያ ይሆናል።