ቀስ ብሎ ድንጋይ የሚሆን ኖራ

በጌዴኦ ዞን፣ አሪቻን በመሰሉ የቡና መንደሮች፣ የተፈለፈለ እሸት ቡና የሚብላላበት ገንዳ አብዛኛውን ጊዜ የሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ እስከ 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቃጠላል፤ ነዳጁም ድንጋዩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ።

ለግንባታ ሌላም መንገድ አለ፤ ማዕድን በራሱ ጊዜ እንዲያድግ መተው። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ያሠሩትን ግንብ ያያያዘው ኖራ ነው። ኖራ የሚቃጠለው ወደ 900 ዲግሪ ገደማ ነው። ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ድንጋዩ ሲቃጠል ከለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙውን ከአየር መልሶ እየሳበ፣ ጥቃቅን የካልሳይት ክሪስታሎች እያበቀለ፣ በዓመታት ውስጥ መልሶ ድንጋይ ወደ መሆን ይሄዳል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ትዕግሥቱ ነው። ቀጭን ስንጥቅ ቢፈጠር እንኳ ውሃ ያሟሟው ኖራ ገብቶ ሊደፍነው ይችላል።

አርክቴክቱ ቮልፍ ሂልበርትዝ በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ ተመሳሳይ ሐሳብ ወደ ባሕር ወሰዱ፦ የብረት መረብ ውሃ ውስጥ አስገብተው አነስተኛ ኤሌክትሪክ ሲለቁበት፣ በባሕሩ የሟሟው ማዕድን መረቡን እያለበሰ ድንጋይ ይሆናል። ዘዴው ዛሬ የተጎዱ የኮራል ሪፎችን ለመመለስ ይውላል።

እርግጥ ኖራ እንደ ሲሚንቶ ቶሎ አይጠነክርም፤ ለፎቅ ምሰሶም አይሆንም። ለልስንና ለጥንታዊ ግንብ ጥገና ግን ተመራጭ ነው። ቤት የምትሠሩ አድማጮች፣ ለግድግዳችሁ ልስን ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ግንበኛችሁን ስለ ኖራ ጠይቁት።