የኮምፒዩተርን ሥርዓት ወደ አዲስ ዲስክ ስለ ማዛወር



በሮቢት ሙቀትና አቧራ ብዙ ዘመን ያገለገለን የትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር እጅግ ስለ ዘገየ፣ በውስጡ የተመዘገበው የተማሪዎች ውጤት እንዳይጠፋ ሰጋን። ስለዚህ ከመምህራችን ጋር ሆነን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ወደ አዲስ ዲስክ ለማዛወር ተነሣን።

በመጀመሪያ ፋይሎቹን ብቻ ገለበጥን፤ ኮምፒዩተሩ ግን በአዲሱ ዲስክ አልነሣ አለ። ምክንያቱም ማሽኑን የሚያስነሣው ክፍል ከዓይን ተሰውሮ ለብቻው የሚቀመጥ ነውና። ማሽላውን ጭኖ ምጣዱን የረሳ ሰው እንጀራ አይጋግርም! ከዚህ በኋላ ውጤቱን በፍላሽ ለይተን አስቀመጥንና፣ ክሎንዚላ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን እንዳለ ቀዳነው። በዚህ ሥራ አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ባያንስ ይመረጣል፤ በላዩ የነበረው ሁሉ ስለሚደመሰስም ምንጩንና መድረሻውን ማሳሳት ታላቅ ጥፋት ነው።

አዲሱ ዲስክ የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስ ኤስ ዲ ስለሆነ ማሽኑ ፈጠነ። በ1956 እ.ኤ.አ. አይ ቢ ኤም ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሰሐኖች ይዞ 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ይችል ነበር።

ሆኖም «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንደሚባለው፣ ቫይረስ ካለ አብሮ ይሻገራል። ማይክሮሶፍትም ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለ ፈጸመ፣ ዲስክ መለወጥ ብቻውን ከአደጋ አያድንም።

ታናናሾቻችን ሆይ! አዲሱ በሚገባ መሥራቱን ሳታረጋግጡ አሮጌውን ዲስክ አትደምስሱ። እኛ ዘንድሮ እንሰናበታለን፤ የደከማችሁበት ውጤት ግን በሁለት ስፍራ ተጽፎ ይቈያችኋል። እግዚአብሔር ትምህርታችሁን ይባርክ።